ብሮሹሩን ያመነ ፊልም

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አውሮፓ ውስጥ በጉዞ ወኪሎች በኩል አንድ ብሮሹር ይታደል ነበር። በሱዳን የቀይ ባሕር ዳርቻ ስላለ ዓሩስ ስለሚባል የመዝናኛ መንደር ያወራል፤ ውሃው ምን ያህል ጥርት ያለ እንደሆነ፣ ማታ ማታ ሰማዩ በከዋክብት እንዴት እንደሚሞላ። ዓሩስ በዓረብኛ ሙሽራ ማለት ነው። መንደሩ በእርግጥም ነበረ። ብሮሹሩን አይተው የመጡት ጠላቂ ዋናተኞችም እውነተኛ ቱሪስቶች ነበሩ፤ ገንዘባቸውን ከፍለው፣ ዓሣቸውን አይተው፣ ፀሐያቸውን ሞቀው ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። እውነተኛ ያልነበሩት አስተዳዳሪዎቹ ናቸው። የእስራኤል የስለላ ድርጅት የሞሳድ ሰዎች ነበሩ። ሪዞርቱን የከፈቱትም ከኢትዮጵያ ተሰደው ሱዳን ካምፖች ውስጥ የነበሩትን ቤተ እስራኤላውያን በድብቅ ለማውጣት ነው።

ብዙዎቻችሁ ይህን ታሪክ የምታውቁት በ2019 ኔትፍሊክስ ላይ ከወጣው «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» ነው። የጻፈውም ያዘጋጀውም ጊዲዮን ራፍ ነው፤ «ሆምላንድ» ለተባለው ተከታታይ ፊልም መነሻ የሆነውን የእስራኤል ድራማ የፈጠረው ሰውዬ። ክሪስ ኢቫንስ የቡድኑ መሪ አሪ ሌቪንሰን ሆኖ ይተውናል። እኔ ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ለዚህ ጽሑፍ ስል።

ፊልሙን የምከሰው ታሪክ ፈጥሯል ብዬ አይደለም። ማንኛውም ፊልም ይፈጥራል፤ ችግር የለም። ክሴ ሌላ ነው። ዓሩስ ጭምብል ነበር፤ ከጀርባው ያለውን ነገር ዓለም እንዳያይ የተሠራ ደስ የሚል ፊት። ይህ ፊልም ጭምብሉን ሊገልጥ ተነሣና በጭምብሉ ፍቅር ወደቀ። ሐሰተኛውን ሆቴል ሊያሳየን መጥቶ ራሱ እዚያው ክፍል ይዞ ቀረ ማለት ነው።

መጀመሪያ ስለ ቦታው ላውራ፤ ፊልሙ አላወራምና። እንዲያውም የተቀረጸው ናሚቢያና ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነው። ለቀረጻ ሌላ አገር መሄድ ያለ ነገር ነው፤ አልፈርድበትም። ግን ቦታው ሲጠፋ አብሮት የጠፋ ብዙ ነገር አለ።

የሱዳን የቀይ ባሕር ዳርቻ ከግብፅ ድንበር እስከ ኤርትራ ድንበር ይዘልቃል። ጠባብ የአሸዋ ሜዳ ነው፤ ከኋላው የቀይ ባሕር ተራሮች ይቆማሉ። ዓመቱን ሙሉ እየፈሰሰ እዚህ ባሕር ውስጥ የሚገባ ወንዝ የለም። ወንዝ ከሌለ ደለል የለም፤ ደለል ከሌለ ውሃው እንደ መስተዋት ይጠራል፤ ኮራሉም ያብባል። ግን ወንዝ ከሌለ የሚጠጣ ውሃም የለም። እዚያ ዳርቻ ላይ ቱሪስቱን የሚጠራውና ቱሪስቱን የሚያባርረው አንድ ነገር ነው። ጣሊያኖች በ1972 ከፖርት ሱዳን ወደ ሰሜን 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው 15 ባንጋሎዎች፣ ወጥ ቤትና ወደ ባሕሩ የሚከፈት መመገቢያ አዳራሽ ያለው መንደር ሠሩ። መብራት የለም፣ ውሃ የለም፣ ወግ ያለው መንገድ የለም። አልሆነላቸውም፤ ትተውት ሄዱ። ሞሳድ ያገኘው እንግዲህ ይህን የተተወ ሕልም ነው። ለሦስት ዓመት ወደ 320,000 ዶላር ከፍሎ ከሱዳን ቱሪዝም ባለሥልጣናት ተከራየው፤ ጄኔሬተር ተከለ፤ ውሃ በመኪና እያስመጣ አስነሣው።

ለምን እዚያ? ይህም ከኮራሉ ጋር የተያያዘ ነው። ያ ሁሉ ብሮሹር የሚያወድሰው ሪፍ ለጀልባ አጥር ነው፤ የፈለጉበት ቦታ ላይ ወደ ዳር መጠጋት አይቻልም። ሪፉ የተከፈተባቸው፣ ባሕሩ ወደ የብስ የሚገባባቸው ጥቂት ቦታዎች አሉ፤ የአካባቢው ሰው መርሳ ይላቸዋል። ሰላዮቹ የጠላቂ ዋናተኛ ልብስ ለብሰው ዳርቻውን ሲያስሱ የነበረው የጎማ ጀልባ የሚያሳርፍ በር ፍለጋ ነው። ባዶውን መንደር ያገኙትም በዚያ ፍለጋ ላይ ሳሉ ነው። ከየትኛውም የተኩስ ትዕይንት ይልቅ ይህ እኔን ያጓጓኛል፤ ካርታው ራሱ ትሪለር ነው። ፊልሙ ግን ዳርቻውን የሚያየው እንደ ቱሪስቱ ነው፤ ሰማያዊ፣ ሰፊ፣ ባዶ።

ባዶ ደግሞ አይደለም። ከፖርት ሱዳን ወጣ ብሎ ዊንጌት የሚባለው ሪፍ አጠገብ «ኡምብሪያ» የተባለች የጣሊያን መርከብ ሰምጣ ትገኛለች። ጣሊያን ጦርነት ባወጀችበት ዕለት፣ ሰኔ 10 ቀን 1940፣ ጭነቱ እንግሊዞች እጅ እንዳይገባ ካፒቴኑ ራሱ ነው ያሰመጣት። ጭነቱ ምን ነበር? በሺህ ቶኖች የሚቆጠር ቦምብ፣ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የጣሊያን ግዛት የሚሄድ። ያን ጊዜ የእኛ አርበኞች ገና ጫካ ነበሩ። ዛሬ ጠላቂዎች ወርደው መጋዘኗ ውስጥ የፊያት መኪናዎችን ፎቶ ያነሳሉ፤ በዓለም ካሉ ውብ የሰመጡ መርከቦች አንዷ ናት ይሏታል። ዣክ ኩስቶም በ1963 እዚያው ሻዓብ ሩሚ የሚባለው ሪፍ ላይ ከባሕር በታች ቤት ሠርቶ ሰዎች አኑሯል፤ ስለዚያ የሠራው ፊልም ኦስካር ወስዷል። ከፖርት ሱዳን ወደ ደቡብ ደግሞ ስዋኪን አለች፤ ቤቶቿ ከኮራል ድንጋይ የተሠሩ፣ እንግሊዞች በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፖርት ሱዳንን ሲገነቡ የተተወችና የፈራረሰች ወደብ። ስዋኪን የመካ ሐጃጆች በር ነበረች። የእኛም መነኮሳትና ተሳላሚዎች ኢየሩሳሌም ሲወርዱ የሚያልፉባት ወደብ ነበረች።

ይህን ለአፍታ ያዙልኝ። ከሰሜን ኢትዮጵያ ተነሥቶ፣ በረሃውን አቋርጦ፣ በሱዳን ዳርቻ በኩል ኢየሩሳሌም መግባት ሞሳድ የፈለሰፈው መንገድ አይደለም። በመቶዎች የሚቆጠር ዓመት የተረገጠ ነው።

ከዚህም የሚልቅ ነገር አለ። በ1862 አባ መሐሪ የሚባሉ የቤተ እስራኤል መነኩሴ ሕዝባቸውን አስከትለው ወደ ኢየሩሳሌም በእግር ተነሥተው ነበር። ቀይ ባሕር ለሙሴ እንደተከፈለ ይከፈልልናል ብለው ነው። ባሕሩ ጋ አልደረሱም። ትግራይ ላይ፣ አክሱም አካባቢ ረሃቡና በሽታው አስቀራቸው፤ ብዙዎቹ እዚያው አለቁ፤ የተረፉት የተመለሱት ተመለሱ። ስለዚህ ከ120 ዓመት በኋላ ሰዎች በሌሊት የጎማ ጀልባ ላይ ተሳፍረው ቀይ ባሕር ላይ ሲንሳፈፉ፣ ለአንዳንዶቹ ይህ የሽሽት መንገድ ብቻ አልነበረም። አያቶቻቸው ሳይደርሱበት የቀሩት ባሕር ነው። አስቡት እስኪ፤ አንድ የፊልም ጸሐፊ እንዲህ ያለ ነገር ከእግሩ ሥር ተቀምጦለት ሲያልፈው! በ«ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» ውስጥ ስደተኞቹ ወደ ባሕሩ ሲደርሱ እያንዳንዱ ሰው በዓይኑ የሚያየው ጀልባውን ነው፤ ካሜራው የሚያየው ደግሞ አሪን።

ወደ ራሱ ወደ ፊልሙ ልግባ። በጎ ጎን የለውም አልልም። ሰላዮቹ ብሮሹሩን በትነው ለሽፋን ያህል ብቻ እንደሆነ ሲያስቡ፣ በአውቶቡስ ሙሉ እውነተኛ ቱሪስቶች ከተፍ የሚሉበት ቦታ አለ። ማን ያብስል፣ ማን አልጋ ያንጥፍ ተብሎ መራወጥ ይሆናል። ያ ክፍል ያስቃል፤ የፊልሙም ምርጥ ቦታ እሱ ነው። ችግሩም ይኸው ነው፤ ፊልሙ ሕይወት የሚዘራው ቱሪስት ሲመጣ ነው። ስደተኛ ሲመጣ ሙዚቃው ያለቅሳል፣ መብራቱ ይደበዝዛል፣ ሰዎቹም አንድ ላይ ተጨፍልቀው «ሕዝብ» ይሆናሉ። ቱሪስቱ ይቀልዳል፣ ይጠይቃል፣ ያማርራል። ስደተኛው ዝም ብሎ ይጫናል።

አንድ ብቻ ለየት ያለ አለ፤ ካበደ ቢምሮ። የሚጫወተው ሟቹ ማይክል ኬ. ዊሊያምስ ነው፤ «ዘ ዋየር» ላይ ኦማርን ሆኖ ያየ ሰው እንዴት ያለ ተዋናይ እንደነበር ያውቃል። እዚህ ግን ምን ተሰጠው? ሰው ይመራል፣ ያዝናል፣ አሪን ያምናል። ቤተሰቡ፣ ቋንቋው፣ ቁጣው፣ ተንኮሉ የለም። (የአባቱን ስም አማርኛ ለሚያውቅ ሰው ማን አሳይቶ እንዳጸደቀው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው።)

ገጸ ባሕርዩ የተቀዳው ከፈረደ አክሉም ነው። ፈረደ የትግራይ ተወላጅ፣ ቤተ እስራኤል፣ መምህር ነበር። በደርግ ዘመን የሚያሳድዱት ሲበዙ ወደ ሱዳን ሸሸ፤ ሱዳን ሆኖም ድረሱልን እያለ ለእርዳታ ድርጅቶች መልእክት ላከ። አንዱ መልእክት ሞሳድ እጅ ገባ። ዳኒ ሊሞር የተባለው ሰላይ ካርቱም ድረስ ፈልጎ ያገኘው በዚያ ምክንያት ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ አዳኙ ተዳኙን አላገኘውም፤ ተዳኙ ነው አዳኙን የጠራው። ከዚያም ወደየመንደሩ መልእክት ልኮ ወገኖቹን «በሱዳን በኩል ኑ፣ መንገድ አለ» ያላቸው ፈረደ ነው። በ2009 አገር ቤት ለጉብኝት መጥቶ ሳለ አዲስ አበባ ላይ አረፈ። በስሙ የተሠራ የሆሊውድ ፊልም የለም። ስሙ ተቀይሮ፣ ለክሪስ ኢቫንስ አጃቢ ሆኖ የገባበት ግን አለ።

ፈረደም ብቻውን አይደለም። ካምፖቹ ውስጥ «ኮሚቴ» የሚባሉ የቤተ እስራኤል ወጣቶች ነበሩ። ማን የማን ልጅ እንደሆነ የሚያውቁ፣ ገንዘብ የሚያደርሱ፣ ዛሬ ማታ የሚወጣው ማን እንደሆነ በሹክሹክታ የሚናገሩ። የሱዳን ፖሊስ ቢይዛቸው የሚሸሹበት መርከብ የላቸውም። እስቲ ፍረዱ፤ ከሁለቱ ማነው ትሪለር የሚገባው? የውጭ ፓስፖርት ይዞ ሌሊት መኪና የሚነዳው፣ ወይስ በካምፑ ውስጥ ሺህ ሰው እያየው ስም ዝርዝሩን በጭንቅላቱ የያዘው የ20 ዓመት ልጅ?

ከካምፖቹ ኡም ረኩባን ልጥቀስ፤ ገዳሪፍ አካባቢ ነው። ሰዎቹ ከጎንደር፣ ከወልቃይት፣ ከትግራይ ሳምንታትን በእግር ተጉዘው እዚያ ይደርሳሉ፤ መንገድ ላይ ሽፍታ አለ፣ ውሃ ጥም አለ። ደርሰውም ማንነታቸውን ይደብቃሉ፤ አይሁድ መሆን በሱዳን ምን ሊያመጣ እንደሚችል ያውቃሉ። አስቡት፤ ሥጋውን ራስህ ካላረድክ የማትበላ፣ ሰንበትን የምታጠብቅ ሰው ሆነህ፣ ጎረቤትህ እንዳይጠረጥርህ ክርስቲያን መስለህ ስትኖር። በ1984 ረሃቡ ሲብስና ካምፑ ሲሞላ በሽታው ሕፃናትንና ሽማግሌዎችን ቀጠፈ። በመንገድና በካምፕ ያለቁት ቤተ እስራኤላውያን ወደ 4,000 ይጠጋሉ ተብሎ ይገመታል። ኢየሩሳሌም ውስጥ ሄርዝል ተራራ ላይ መታሰቢያ አላቸው፤ በየዓመቱም ይታሰባሉ።

ከገዳሪፍ እስከ ዓሩስ ወደ 800 ኪሎ ሜትር ነው። ሰላዮቹ ሰዎቹን በጭነት መኪና እያሳፈሩ፣ ኬላውን በጉቦም በጉልበትም እያለፉ፣ ሌሊት ተጉዘው ቀን ተደብቀው ያደርሷቸው ነበር። ከዚያ ጀልባ፣ ከዚያ ርቆ የቆመ የባሕር ኃይል መርከብ። መጋቢት 1982 ላይ የሱዳን ወታደሮች ኮንትሮባንድ መስሏቸው ዳርቻው ላይ ተኮሱ፤ ከዚያ በኋላ ነው ሥራው ወደ አውሮፕላን የዞረው፣ ሲ-130 በሌሊት በረሃ ላይ እያሳረፉ። ጀግንነቱን ለመካድ የሚያስችል ነገር የለኝም፤ እነዚያ ሰዎች ነፍሳቸውን አስይዘዋል። እኔ የምለው፣ 800 ኪሎ ሜትሩን የነዳው ሰው በፊልሙ ውስጥ ስም፣ ቀልድና የሚፈርስ ትዳር ሲኖረው፣ ከዚያ በፊት ያለውን መንገድ በባዶ እግሩ የሄደው ሰው ምንም የለውም ነው።

«ፊልም ነው፤ አክሽን ነው፤ ምን ጠበቅክ?» የሚለኝ ጓደኛ አለኝ። መልስ የሚሆኑኝ ሁለት ፊልሞች አሉ።

አንደኛው በ2005 የወጣው የራዱ ሚሃይሌኑ ፊልም ነው፤ ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ሂድ፣ ኑር፣ ሁን» እንደማለት ነው። ሱዳን ካምፕ ውስጥ ያለች ክርስቲያን እናት ልጇን ከሞት ለማትረፍ፣ ልጇ የሞተባትን አንዲት ቤተ እስራኤላዊት እንዲከተል አድርጋ ወደ እስራኤል ትልከዋለች። ልጁ ዕድሜውን ሙሉ የሌላ ልጅ ስም ተሸክሞ ያድጋል። ይህም ፊልም ከንፈር ያስመጥጣል፣ ርዝመቱም ይሰማል። ግን ካምፑ የጭነት መነሻ ጣቢያ አይደለም፤ ሰው የሚወስንበት ቦታ ነው። እናትየዋ የምታደርገው ነገር አሪ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከሚያደርገው ሁሉ ይከብዳል፤ መሣሪያ አልያዘችም።

ሁለተኛው የዓለምወርቅ ዳቪዲያን «ፊግ ትሪ» ነው፤ የ2018። ዓለምወርቅ ራሷ ኢትዮጵያ ተወልዳ በልጅነቷ እስራኤል የገባች ናት፤ ፊልሙም በአማርኛ ነው። ሚና የምትባል ልጅ በደርግ መጨረሻ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ከቤተሰቧ ጋር ወደ እስራኤል መሄጃዋን ትጠብቃለች፤ የምትወደው ልጅ ደግሞ ክርስቲያን ነው፣ ለውትድርና አፈሳው ዛፍ ላይ ተደብቋል። እዚህ ፊልም ውስጥ መሄድ ማለት መዳን ብቻ አይደለም፤ አንድን ሰው ትቶ መሄድም ነው። «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» ይህን ሐሳብ አንዴም አያነሣውም። ሁሉም ሰው ይሳፈራል፣ ሁሉም ይደሰታል፣ ከኋላ የሚቀር ጎረቤት የለም፣ የሚናፈቅ ወንዝ የለም። ኢትዮጵያ የሚሸሹባት አገር ብቻ ናት፣ ሱዳን ደግሞ ክፉ ኮሎኔል ያለባት አሸዋ።

ሱዳንን ካነሣሁ አይቀር፤ ፊልሙ ከቤተ እስራኤላውያን ቀጥሎ የበደላቸው የዳርቻውን ሰዎች ነው። በጃዎች በዚያ ተራራና ባሕር መካከል ከጥንት ጀምሮ የኖሩ ናቸው። ቡና ወዳዶች ናቸው፤ ዝንጅብል ጨምረው ያፈሉታል፣ ማፍያውንም ጀበና ይሉታል፤ አዎ፣ የእኛኑ ጀበና። ዓሩስ ውስጥ 15 ያህል የአገሩ ተወላጆች ተቀጥረው ይሠሩ ነበር፤ ክፍል የሚያጸዱ፣ የሚያስተናግዱ፣ የሚነዱ። ወጥ ቤቱ ከሌላ ሆቴል በእጥፍ ደመወዝ የመጣ ነው። የጌቶቻቸውን ማንነት አያውቁም፤ የመጥለቂያ ዕቃ ማስቀመጫው ክፍል እንዲገቡበት አይፈቀድም፣ የሬዲዮ መገናኛው እዚያ ነበረ። ሪዞርቱም ቀልድ አልነበረም፤ የግብፅ ወታደሮች፣ የካርቱም ዲፕሎማቶች፣ የሱዳን ባለሥልጣናት ሳይቀሩ ያርፉበት ነበር፤ በገቢውም ራሱን እስከ መቻል ደርሷል። ጣሊያኖቹ ያቃታቸውን ሰላዮች አሳኩት ማለት ነው። እኔ በግሌ ከዚህ የበለጠ የሚገርም የቱሪዝም ታሪክ አላውቅም።

ይህ ሁሉ አልፏል ብሎ መዝጋት አይቻልም። ኡም ረኩባ በኅዳር 2020 ተመልሶ ተከፈተ፤ ያን ጊዜ ከትግራይ ጦርነት ለሸሹ ሰዎች። በ2023 ደግሞ ሱዳን ራሷ ጦርነት ውስጥ ገባች፤ መንገዱ ተገለበጠና ሱዳናውያን በመተማ በኩል ወደ እኛ ተሰደዱ። ፖርት ሱዳን ከካርቱም የሸሹ ሰዎችና የሸሸ መንግሥት መጠጊያ ሆነች፤ በግንቦት 2025 እሷም በድሮን ተደበደበች። የሳንጋኔብ ሪፍ ከ2016 ጀምሮ የዩኔስኮ ቅርስ ነው፤ የሚጠልቅበት ሰው ግን ብዙም የለም።

የዓሩስ መጨረሻ በሚያዝያ 1985 ነው። ኒሜሪ በመፈንቅለ መንግሥት ወረዱ፤ አዲሶቹ ገዢዎች የሞሳድን ሰዎች ማደን ጀመሩ። ሰላዮቹ በሌሊት ተነሥተው ጠፉ። ጠዋት ቱሪስቶቹ ሲነቁ የመጥለቅ አስተማሪው የለም፣ ሥራ አስኪያጇ የለችም፣ ነጭ ሠራተኛ የሚባል የለም። ያሉት የአገሩ ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ክፍል አጽጂዎቹ፣ አስተናጋጆቹና ወጥ ቤቱ፣ ከአንድ አዳራሽ ሙሉ ግራ የተጋቡ አውሮፓውያን ጋር። ስለዚህ ዳርቻ ሌላ ፊልም ይሠራ ቢባል ከዚያ ጠዋት፣ ከወጥ ቤቱ በር ቢጀምር ነው ደስ የሚለኝ።